ኮሶ የጠጣው ፈረስ

አንድ ሰው ነበረ። ሰፊ የገብስ መሬት ያለው፣ በረቱ የሞላ ሰው ነበረ፤ ከሀብቱ ሁሉ ግን የሚወደው አንድ ዳማ ፈረሱን ነበር።

መሪጌታ ቢረሳው ምሳሌያቸውን የጀመሩት እንዲህ ነው። የእህታቸው ልጅ ትርንጎ ሠርጓ አንድ ወር ሲቀረው መጥታ ጠይቃቸው ነበር። ሰውነት ያጥባል፣ ቆሻሻ ያወጣል የሚባል መጠጥ አለ፤ እህል ሳይቀምሱ ዐሥር ቀን እሱን ብቻ ቢጠጡ ውፍረት ይቀንሳል ይባላል፤ ለጤና ይሆናል ወይ? እሳቸው ደግሞ ጥያቄን በአንድ ቃል የመመለስ ልማድ የላቸውም። ቁጭ በይ አሏትና ቀጠሉ።

ይህ ሰው የአገሩ የጉግስ አለቃ ነበረ። በጥምቀት ማግስት የወንዙ ወዲህ ማዶና ወዲያ ማዶ ፈረሰኞች ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ይሸሻል፣ አንዱ ያባርራል፤ ዘንግ ይወረወራል፣ በጋሻ ይመከታል። በዚያ አገር በጉግስ ቀን ያፈረ ሰው ዓመቱን ሙሉ በየድግሱ ይገጠምበታል። ዳማው ደግሞ አዝመራው ከገባ ወዲህ ታስሮ ገብስ ሲቆረጥም ከርሞ ሆዱ ተነፍቷል። ከሆዱ ሥር የሚታሰረው የኮርቻው ጠፍር በመጨረሻው ቀዳዳ በግድ ነው የሚይዘው። ጥምቀት ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሰውየው እንቅልፍ አጣ።

ከፈረስ ጋር ያረጁ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደ። ሽማግሌው ፈረሱን ዞረው አዩና፣ ገብሱን ቀንስለት እንጂ አትከልክለው፤ ጠዋት ጠዋት ዳገቱን አስወጣው፤ በሦስት ሳምንት ትንሽ ይቀለዋል፣ በሦስት ወር ደህና ፈረስ ይሆናል፤ ዘንድሮ ግን ከኋላ ተሰለፍ አሉት። አለቃ ሆኖ ከኋላ! ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አሉኝ፤ እንቁላሉ እስኪሄድ ጥምቀት ያልፋል» አላት።

ገበያ ላይ አንድ መድኃኒት ሻጭ አገኘ። ሻጩ ፈረሱን እንኳ ሳያይ፣ ያንተ ፈረስ አልወፈረም፣ ሆዱ ውስጥ ጉድፍ ተቋጥሮበት ነው፤ ኮሶ አጠጣውና ይታጠብ አለው። በዐሥር ቀን ሦስት ጊዜ፣ እህል የለ፣ ውሃም ለአመል ያህል። እኛ መቼም ኮሶን እናውቀዋለን። የኮሶ ትል የያዘው ሰው አንድ ቀን ጠጥቶ፣ ሲያንገፈግፈው ውሎ፣ ማታ ሾርባውን ይጠጣል፤ በቃ። ፈረሱ ትል እንዳለበት የጠየቀ የለም። ሰውየውም ይህን አያጣውም፤ ግን የቸኮለ ሰው የሚያውቀውንም ይረሳል።

የመጀመሪያውን ባጠጣው በሦስተኛው ቀን ጠፍሩ ሁለት ቀዳዳ ገባ። ሰውየው በደስታ ሚስቱን ጠርቶ አሳያት። ሁለተኛውን አጠጣው፤ አራት ቀዳዳ። ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ፣ ወገቡን እዩት፣ ውርንጭላ መሰለ እያለ አደነቀ። ሚስቱ ግን የፈረሱን ዓይን አየች፤ ወደ ውስጥ ገብቷል። አንገቱ ላይ ቆዳውን ቆንጥጣ ለቀቀችው፤ ቆዳው እንደተጨበጠ ቀረ።

«ጉድፍ አይደለም የወጣው፤ ይህ ከብት ውሃው አልቋል» አለችው።

 ሰውየውም ፈርቶ ነበር። ፍርሃቱ ሲመጣበት ግን ወደ ጠፍሩ ይሄድና ቀዳዳውን ቆጥሮ ይጽናናል። ሦስተኛውንም አጠጣው።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው በሰው ተጥለቀለቀ። ሰውየው ዳማውን ሸልሞ ከፊት ተሰለፈ፤ ያየው ሁሉ አጨበጨበለት። ከላይ የተቀመጠው እሱ ግን ፈረሱ ከሥሩ ሲንቀጠቀጥ ይሰማዋል። የወዲያ ማዶው አለቃ ጋልቦ መጣና ፊቱ ላይ ዘንጉን ነቅንቆ ዞረ፤ አባረኝ ማለቱ ነው። ሰውየው ፈረሱን ነካ አደረገው። ያ ምስኪን ከብት፣ ጌታውን እንቢ ማለት አያውቅማ፣ ፈረጠጠ። ሠላሳ እርምጃ ያህል እንደሄደ ትንፋሹ ማፏጨት ጀመረ። የፈረሱ ልብ ሲደልቅ ለሰውየው በጉልበቱ በኩል ይታወቀዋል። ከኋላው ወገኑ ስሙን እየጠራ፣ በለው በለው ይላል። አንድ ጊዜ ደግሞ ቢመታው ፈረሱ እዚያው ይሞታል፤ ካልመታው ስሙ ይሞታል። ሁለቱንም ያውቃል።

ልጓሙን ያዘ። በሜዳው መካከል ወረደ፣ ጠፍሩን ፈታ፣ ኮርቻውን በገዛ ትከሻው ተሸከመ።  የወዲያ ማዶ ሴቶች ግጥሙን አወረዱት። እሱ አንገቱን ደፍቶ ፈረሱን ወደ ወንዙ ነዳ። ሽማግሌው ተከትለውት ሄዱ፤ ባንድ ጊዜ አታጠጣው፣ በጥቂት በጥቂት አሉት እንጂ አልወቀሱትም። እሱ ግን ፈረሱ ሲጠጣ እያየ አለቀሰ።

በሳምንቱ ዳማው ጠጥቶ፣ በልቶ፣ ቆመ። ጠፍሩም ወደ መጨረሻው ቀዳዳ ተመለሰ። ውፍረቱ እንዳለ መጣ! ያልመጣው የጭኑ ጉልበት ነው። ወፍሮ ሳለ ይወጣው የነበረውን ዳገት አሁን ግማሹ ላይ ይቆም ጀመር። ሰውየው ሽማግሌው ያሉትን መንገድ አንድ ብሎ ጀመረ፤ ፈረሱ ፈረስ የሆነው ሰኔ ሲገባ ነው።

መሪጌታ ይህን ብለው ወደ ትርንጎ ዞሩ።

«ፈረሱ ያንቺ ሰውነት ነው፤ ፈረሰኛዋም አንቺው ነሽ። በዐሥር ቀን የሚወርደው ይበልጡን ውሃሽና ጉልበትሽ ነው፤ ስቡ እምብዛም አልሄደም። ሚዛኑ ደስ ያሰኝሻል፣ ጎረቤት ያደንቅሻል፤ ወዲያው እህል ስትቀምሺ ተመልሶ ይመጣል። ቆሻሻ ላልሽው ፈጣሪ ጉበትና ኩላሊት ሰጥቶሻል፤ ሲያጥቡ ነው የሚያድሩት፤ ደመወዝ አልጠየቁሽም።»

«እኛስ እንጾም የለ፣ ጋሼ?» አለች።

«ጾምን እዚህ አታምጪብኝ። ጾም ለነፍስ ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ምስሩም ጎመኑም ይቀርባል። መቀነስ ካማረሽ እንደ ሽማግሌው ነው፤ ከማዕድሽ ጥቂት አንሺ፣ በየቀኑ በእግርሽ ሂጂ፣ ወራቱን ታገሺ። ለሠርጉ ባይደርስም ለትዳሩ ይደርሳል።»

 ትርንጎ አንገቷን ደፍታ በቀስታ፣ የሙሽራ ቀሚሱ ግን ወገቡ ላይ እንቢ ማለቱን ነገረቻቸው።

«ታዲያ ልብስ ሰፊው ያስፋዋ፤» አሉ መሪጌታ፣ «ጨርቁን ነው እንጂ አንቺን አይደለም የሚቀደው።»