ስም የሌላት ስድስተኛ አያት

አንድ ግራዝማች ፈንቴ የሚባል ሰው ነበር። የወይዘሮ ትርንጎን ቤት ያፈረሰ እሱ ነው። ያፈረሰውም በእሳት አይደለም፣ በምላሱ ነው።

ግራዝማች ዘር ቆጣሪ ነበር። በዚያ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ አይዳርም። ተጋቢዎቹ እስከ ሰባተኛው አያት ድረስ አንድ ቦታ ከተገናኙ፣ ዘመድ ናቸውና ነገሩ እዚያው ይቀራል። የማንን አያት ማን እንደወለደው ሲጠየቅ፣ ግራዝማች የዝንብ ጭራውን እያወዛወዘ እንደ ውዳሴ ማርያም ያንበለብለው ነበር። ተሳስቶ አያውቅም ይባላል። ማን ሄዶ ሙታኑን ጠይቆ!

ወይዘሮ ትርንጎ እናኑ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት። ባሏ ቀድሞ ሞቶባታልና፣ መሬቷን አሳርሳ፣ ከወንድ እኩል ተሟግታ ነው ያሳደገቻት። ምላሷ ምላጭ ነው። ኩራቷም ለጉድ ነው። ትንሽ ከነኳት "የማን ልጅ መሰልኳችሁ!" ትላለች። ከወንዝ ማዶ አዱኛ የሚባል ልጅ እናኑን ወደዳት፣ እሷም ወደደችው፤ ሽማግሌ ተላከ፣ ትርንጎም እሺ አለች። የቀረው ቆጠራው ብቻ ነበር።

የቆጠራው ዕለት ሁለቱ ወገን ዋርካው ሥር ተቀመጠ። እናኑ ከሴቶቹ ጀርባ ሆና፣ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ታዳምጣለች። ግራዝማች የእሷን ወገን ቆጠረ። የልጁን የአባቱን ወገን ቆጠረ። በእናቱ በኩል ሲመጣ ግን አራተኛዋ ላይ ቆመ። ጭራውም ቆመ። ሳል መጣበት። ሰው ሁሉ አፍ አፉን ያያል።

"በስድስተኛው ይገናኛሉ" አለ።

ማንም "ማን ላይ?" ብሎ አልጠየቀም። ትርንጎ እንኳ አልጠየቀችም። ጥያቄው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ያን ሁሉ ዘመን "የማን ልጅ መሰልኳችሁ!" ስትል የኖረች ሴት፣ ስድስተኛ አያቷን አታውቅም ልትባል ነው? ዋጠችው። እንዲያውም የምታውቅ መስላ ራሷን ነቀነቀች።

የማዶ ሽማግሌዎች ከዘራቸውን አንስተው ሄዱ። አዱኛ ሌላ አገባ። እናኑን ግን ሌላ የጠየቃት የለም፤ "ከዘመዷ ጋር ልትጋባ ነበር እኮ" የሚለው ሐሜት በየሄደችበት ቀድሟት ይደርሳል። ለሰው ሙሽራ ጥጥ እየፈተለች፣ በእናቷ ቤት ጠጉሯ ሸበተ።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ አንድ ለቅሶ ላይ አንዲት የማዶ አሮጊት ከትርንጎ አጠገብ ተቀመጠች። የአዱኛ የእናቱ እናት ታናሽ እህት ናት፤ ሞት የረሳት።

"አንቺ ሴት፣ ልጃችንን ምነው ናቅሽው?" አለቻት።

"ኧረ ዘመድ ሆነን ነው እንጂ! በስድስተኛው።"

አሮጊቷ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስታ ሳቀች። "በየት በኩል? የእናታችን እናት ከጨው አገር ከነጋዴ ጋር የመጣች ባዕድ ናት። እዚህ ስትደርስ የምታውቀው በቅሎዋን ብቻ ነበር!"

ትርንጎ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሳች። ግራዝማች ደጅ ስትደርስ፣ አርጅቶ ፀሐይ ሲሞቅ አገኘችው።

"ግራዝማች፣ ያቺ ስድስተኛዋ ማን ትባላለች?"

"የቷ?"

"እኛና የማዶዎቹ የተገናኘንባት።"

ዝንብ ሳይኖር ጭራውን አወዛወዘ። "ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሻል፣ ትርንጎ?"

"ስሟን ነው የጠየቅሁዎት።"

"አላውቃትም" አለ በመጨረሻ፣ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው። "ምን ላድርግ? አይገናኙም ብዬ ብሳሳት ነገ ጉዴ ይወጣል። ይገናኛሉ ካልኩ ማን ይመረምራል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አላውቅም ልበልና ስሜ ይጥፋ?"

"ስምዎማ ይኸው አለ፣ እንዳማረበት። ቤት ያጣችው እናኑ ናት።"

"አንቺስ?" አለ ቀና ብሎ። "ያንቺም አያት አይደለች? ያን ለት ስሟን ለምን አልጠየቅሽኝም?"

ትርንጎ ፊቷን አዙራ የመጣችበትን መንገድ ያዘች።

ቤቷ ገብታ ሁሉንም ለልጇ ነገረቻት። እናኑ አላለቀሰችም። "ብትጠይቂው ኖሮ፣ እማዬ" አለች፤ ከዚያ እንዝርቷን መልሳ አሾረች።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ልብ በሉ። አለማወቅ ነውር አይደለም፤ ሁሉን አውቆ የተወለደ የለም። "አላውቅም" ያለ ሰው ለአንድ ቀን ያፍር ይሆናል። ያላወቀውን አውቃለሁ ያለ ግን እፍረቱን የሚሸከምለት ሌላ ሰው ይፈልጋል፤ የሚያገኘውም ሁልጊዜ ከሴቶቹ ጀርባ ዝም ብላ የተቀመጠችውን ነው። አላዋቂ እንዳይባል ሳይጠይቅ ራሱን የነቀነቀም ከውሸቱ ድርሻ አለው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ ካለመጠየቅም የልጅ ትዳር ይቀራል። እናንተስ፣ ሳይገባችሁ ራሳችሁን የነቀነቃችሁት በማን ልጅ ላይ ነው?

በማግሥቱ ጠዋት ዋርካው ሥር የሌላ ልጃገረድ ዘር ሊቆጠር ሰው ተሰብስቦ ነበር። ግራዝማችም ጭራውን ይዞ ተሰይሟል። ትርንጎ በሴቶቹ በኩል አልመጣችም፤ በወንዶቹ መሃል ሰንጥቃ አልፋ ፊቱ ቆመች።

"እኔ ትርንጎ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ ስነግራችሁ የኖርኩት፣ ከአራተኛው አያቴ በላይ አንድም አላውቅም" አለች፣ እስከ ዳር እንዲሰማ። "አላውቅም! ይኸው ተናገርኩ፤ ዋርካውም አልወደቀብኝም። በሉ ግራዝማች፣ አሁን ይቁጠሩ። እያንዳንዷን በስሟ።"

ከዚያ ሄዳ ከልጅቷ እናት አጠገብ ተቀመጠች።