ታንጉት እልል ያላለችበት መስከረም

ልጆቼ፣ ተጠጉና ስሙኝ። «እንሰማሻለን» በሉኝ። እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው ጊዜ፣ ድንጋይም ዝም ማለትን ገና ባልተማረበት ጊዜ፣ በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ታንጉት የምትባል አህያ ትኖር ነበር።

ታንጉት አንዲት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ስሟ አዝመራ ይባላል። ለወግ ለማዕረግ ስትደርስ ከወንዙ ማዶ ለሚኖር ደግ አህያ ዳረቻት። ያን ጊዜ ወንዙ ላይ አንድ የወደቀ ዋርካ ተጋድሞ ነበርና ሰርገኛው እየጨፈረ በእሱ ላይ ተሻገረ። በዚያው ክረምት ወንዙ ሞላ፤ ሞልቶም ያን ዋርካ እንደ ገለባ አንስቶ ወሰደው። እናት ወዲህ፣ ልጅ ወዲያ ቀሩ። በቦታው የድንጋይ ድልድይ ተጀምሮ ነበር፤ እሱም መሐል ላይ ቆመ።

ከዚያ ወዲህ ታንጉት ጠዋት ጠዋት ወደ ወንዙ ትወርዳለች። «ውሃ ልጠጣ ነው» ትላለች። ውሃማ ደጇ ላይ ምንጭ ነበራት። ወንዙ ዳር ቆማ ማዶ ማዶውን ታያለች። ብትጣራ የወንዙ ጩኸት ድምፅ አያሻግርም። ቆማ ቆማ ትመለሳለች።

አንድ ቀን፣ ነሐሴ ላይ፣ ዋኔ ከማዶ በርራ መጣችና ጀርባዋ ላይ አረፈች።

«እማማ ታንጉት፣ የምሥራች!»

«ምስር ብይ፣ ልጄ!»

«አዝመራ ወለደች። ወንድ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት።»

«ተመስገን! ሽታውስ? ሽታው ምን ምን ይላል?»

«እኔ ወፍ ነኝ እኮ፣ እማማ። ሽታ የት አውቄ?»

አህያ የወለደችውን የምታውቀው አሽትታ ነው። ያላሸተተችው ውርንጭላ ለእሷ በወሬ የሰማችው ውርንጭላ ነው። «አምላኬ» አለች በሆዷ፣ «አንዴ አንገቱ ሥር አፍንጫዬን ሳላስገባ አትውሰደኝ።»

የዚያ አገር ንጉሥ አንበሳ ነበር። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ እንስሳቱ ሁሉ ሜዳው ላይ ይሰበሰባሉ። የንጉሡ አፍ የሆነው አፈ ንጉሥ ቀበሮ ተነሥቶ በዓመቱ የተሠራውን ሥራ ይናገራል። ተናግሮ ሲጨርስ፣ ልጅ የዳረች እናት እልልታውን ትከፍታለች፤ ሌላው ይከተላል። ከታንጉት የሚበልጥ ጉሮሮ በአገሩ ስላልነበረ፣ ሁልጊዜ የምትከፍተው እሷ ነበረች። ሥራው ባይሞላም እልል ትላለች። ሌሎቹም ባይሞላም እልል ይላሉ። እልልታ ምርቃት ነዋ! ጎደሎ ሲያዩ «ይሙላ» እንደማለት ነው። እንዲህ ነበር የሚያውቁት። ቤተ መንግሥቱ እልልታውን ምን ብሎ እንደሚሰማው ግን የጠየቀ አልነበረም።

ጳጉሜ ሲገባ አፈ ንጉሥ ቀበሮ ታንጉት ደጅ መጣ።

«እማማ ታንጉት፣ ጉሮሮዎን ያሰናዱ። ዘንድሮ ሦስት ትልልቅ ነገር አለን። ገበያው ረክሷል፣ መንገዱ ተስተካክሏል፣ ድልድዩም አልቋል።»

«ድልድዩ አልቋል?»

«ድሮ! አምናስ እልል ብለውለት የለም እንዴ?»

«ካለቀ ታዲያ ልጄን ለምን አላየኋትም?»

«እርስዎ ደግሞ! እግርዎ ሰንፎ ይሆናላ» አለና እየሳቀ፣ ጭራውን እየነሰነሰ ሄደ።

ታንጉትን ነገሩ ከነከናት። ግማሽ ድልድይ እንደቆመ በዓይኗ ታየዋለች፤ ለምን እንደቆመ ነው ያላወቀችው። «ነገሩን ከሥሩ ልጠይቅ» ብላ ተነሣች።

መጀመሪያ ገበያ ወረደች። እህል መስፈሪያው ቁና ከጆንያ አጠገብ ተቀምጧል።

«ቁና ወንድሜ፣ ገበያው ረክሷል ይላሉ። እውነት ነው?»

«ዋጋውማ እንዳምናው ነው» አለ ቁና። «የጠበበው ሆዴ ነው። ውስጤን ከሥር በእበት እየለቀለቁ እየለቀለቁ ከፍ አደረጉት። ከላይ ሲያዩኝ ሙሉ ነኝ። ያቺ ሚዳቋ አምና በአንድ ቁና ሁለት ልጆቿን ታሳድር ነበር። ዘንድሮ አንዱን ታበላና ለሌላው ተረት ትነግረዋለች።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ማን ጠይቆኝ?»

ታንጉት አዝና ሄደች። ሄዳ ሄዳ ከመንገድ ጋር ተገናኘች። መንገድ በቁመቱ ተጋድሟል።

«መንገድ ወንድሜ፣ ተስተካክለሃል ይላሉ።»

«እኔ? እኔማ ጥሩ ነኝ፤ ጃንሆይ እስከሚያዩኝ ድረስ። ከቤተ መንግሥቱ በር እስከ ኮረብታው መታጠፊያ ምንጣፍ በይኝ። ከመታጠፊያው ወዲያ ግን እኔም ራሴን አላውቀውም፤ እግሬ ጭቃ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ማን ጠይቆኝ?»

ታንጉት እግሯን ከጭቃው እየነቀለች ወደ ወንዙ ወረደች። ድልድዩ ከወዲህ ዳር ተነሥቶ፣ መሐል ወንዙ ላይ ሲደርስ ተቆርጧል። ጫፉ ላይ ቆመችና ጠራችው።

«ድልድይ ወንድሜ፣ አልቀሃል ይላሉ።»

ከሥራቸው ወንዙ ይጮሃል።

«ማዶ ያለውን ሾላ ታይዋለሽ?» አለ ድልድዩ። «እኔም እንዳንቺ እሱን ሳይ ነው የምውለው። እጄን ዘርግቼ ቀረሁ። ማዶውን ያልነካ ድልድይ፣ ድልድይ ይባላል? የድንጋይ ክምር ነው።»

«ማነው ያስቆመህ?»

«ብነግርሽ ትቀየሚኛለሽ።»

«አልቀየምም።»

«አንቺ ነሽ።»

«እኔ? በስመ አብ!»

«አምና መስከረም እልል ባልሽ ማግስት፣ ግንበኞቼ ዝንጀሮዎች ስንቃቸውን ሊቀበሉ ወጡ። ‹የምን ስንቅ? ድልድዩ አልቋል፤ ልጅ የዳረች እናት እልል ብላለታለች፤ ከእሷ በላይ ምስክር ከየት ይመጣል?› ተባሉ። መዶሻቸውን ይዘው ወደ ገደላቸው ተመለሱ።»

«እኔ እኮ እልል ያልኩት ‹ይሙላ› ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ። እነሱ ግን ‹ሞላ› ብለው ሰሙት።»

ታንጉት ጆሮዋን ጣለች። ማዶውን አየች፤ ሾላውን አየች፤ ከሾላው ሥር አንድ ግራጫ ነገር ያየች መሰላት። ድንጋይ ይሁን ልጇ፣ ከዚያ ርቀት አይለይም።

መስከረም ጠባ። ሜዳው በእንስሳት ሞላ። ንጉሡ አንበሳ ዙፋኑ ላይ ተቀመጠ። አፈ ንጉሥ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።

«ገበያው ረክሷል!» አለና እልልታውን ጠበቀ። ዝም።

«መንገዱ ተስተካክሏል!» አለና ጠበቀ። ዝም።

«ድልድዩ አልቋል!» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አሁንም ዝም። ዓይን ሁሉ ወደ ታንጉት ዞረ።

«ጉሮሮዋን ምን በላው?» አለች ጦጣ።

«እኔ አልነካኋትም!» አለ ጅብ ቶሎ ብሎ።

ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። አንበሳ ግን አልሳቀም።

«ታንጉት፣ ምነው? ታመምሽ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ጃንሆይ፤ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ እልልታው የታለ?»

ታንጉት ወደ ፊት ወጣች። ሳትለምድ ነው እኮ፤ እልል ከማለት በቀር በንጉሥ ፊት ተናግራ አታውቅም።

«ጃንሆይ፣ ዘንድሮ አያት ሆኛለሁ። ልጄ ማዶ ናት። እልልታዬን ከእሷ ጋር ልበለው ብዬ ነው። አፈ ንጉሥ ድልድዩ አልቋል ብለዋል። እባክዎ መልእክተኛ ይላኩላትና በድልድዩ ላይ ልጇን ይዛ ትምጣ። እኔ እዚሁ ቆሜ እጠብቃታለሁ።»

«መልካም ብለሻል» አለ አንበሳ። «ቀበሮ፣ ሂድና ይዘሃት ና።»

«እኔ?» አለ ቀበሮ። «ጃንሆይ፣ ማለቴ... ክረምቱ ገና አልወጣም፣ ውሃውም...»

«ድልድይ ካለ ውሃው ምን አገባው?»

ቀበሮ አንዱን እግሩን አነሣ፤ መልሶ አስቀመጠው። አንበሳም አየው፣ ነገሩ ገባው፤ ከዙፋኑ ወረደና ራሱ መንገዱን ያዘ። እንስሳቱ ተከተሉት። እስከ ኮረብታው መታጠፊያ መንገዱ ምንጣፍ ነበር። ከመታጠፊያው ወዲያ የንጉሡ እግር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገባ። ድልድዩ ላይ ወጣ፤ ተራመደ፣ ተራመደ፣ ተራመደና ቆመ። ከእግሩ በታች ወንዙ ይጮሃል።

«ጃንሆይ፣» አለ ድልድዩ፣ «ከዚህ ወዲያ የሚኬደው በእልልታ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ማን ጠይቆኝ?»

አንበሳ ወደ ታንጉት ዞረ። «አንቺስ? ግማሽ መሆኑን በዓይንሽ እያየሽ እልል የምትይው ለምን ነበር?»

«ስለናፈቅሁ ነው፣ ጃንሆይ። የናፈቀ፣ ‹ደረሰልህ› ሲሉት ደስ ይለዋል።»

አንበሳ ራሱን አቀረቀረ፤ የገበያውንም ነገር ጠየቃት፤ እሷም ከቁና የሰማችውን ነገረችው። ከዚያም እዚያው ቆሞ፣ የዓመቱን ሥራ በራሱ አፍ ተናገረ። «ገበያው አልረከሰም። መንገዱ እስከ መታጠፊያው ነው። ድልድዩ ግማሽ ነው።» እልል ያለ የለም። ግን ሚዳቋ ከኋላ ሆና ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰች።

የቁናው እበት ተፋቀ። ከመታጠፊያው ወዲያ ላለው መንገድ ጠጠር ተጫነ። ዝንጀሮዎቹ ከገደላቸው ተጠሩ፣ ስንቃቸው ተሰፈረላቸው። አፈ ንጉሥ ቀበሮም አሸዋ እንዲያቀብላቸው ታዘዘ።

ታንጉትስ? ታንጉት እንደ ድሮዋ ጠዋት ጠዋት ትወርዳለች። ድልድዩ ሲረዝም እሷም ጫፉ ድረስ ትሄዳለች። ጥቅምት ላይ ብትጣራ፣ ከወንዙ ጩኸት በላይ «እናቴ!» የሚል ድምፅ ሰማች። ጥር ላይ በውርንጭላው ግንባር ላይ ያለውን ነጭ አየች፤ እውነትም ነጭ ነበረው። ሚያዝያ ላይ ልጇ ከማዶ፣ እሷ ከወዲህ ፊት ለፊት ቆሙ፤ በመካከላቸው የቀረው የአንድ ድንጋይ ቦታ ነው። ነፋሱ ግን ከእሷ ወደ እነሱ ይነፍስ ነበርና ሽታው አልመጣላትም።

«እማማ ታንጉት፣» አለ ቀበሮ፣ አሸዋ በአሸዋ ሆኖ፣ «አንድ ድንጋይ እኮ ነው የቀረው። አሁንስ እልል ይበሉ፣ እኔም ልረፍ!»

«አንድ ድንጋይ የቀረው ወንዝ ያው ወንዝ ነው፣ ልጄ። አሸዋህን አቀብል።»

ክረምት ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ፣ ዝንጀሮዎቹ ያቺን ድንጋይ አስገቡ። መዶሻው ገና ሳይነሣ ውርንጭላው እናቱን አምልጦ ሮጠ፤ ድልድይ ምን እንደሆነ መች ያውቃል! እየተወላገደ መጥቶ ከአያቱ ደረት ጋር ተላተመ።

ንጉሡ ቆሞ ይጠብቃል። ዝንጀሮዎቹ መዶሻቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ።

«እማማ ታንጉት፣ እልልታው!» አለ ቀበሮ።

ታንጉት አልሰማችም። አፍንጫዋን ውርንጭላው አንገት ሥር አስገብታ ዓይኗን ጨፍናለች። አዝመራም ደርሳ ራሷን በእናቷ ትከሻ ላይ ጣለች። ያን ዕለት እልልታውን ማን እንደከፈተው እስከ ዛሬ አይታወቅም፤ እሷ ግን አልነበረችም።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ሽማግሌዎች «እልልታ ሥራን ከቀደመ፣ ሥራ መንገድ ላይ ያድራል» ይላሉ። እኔም ተረቴን እዚህ አሳረፍኩ። ማዶ ለማዶ የሚተያዩትን ሁሉ እግዜር በደህና ያገናኛቸው፤ እናንተም «አሜን» በሉኝ።