ሐኪሙ አስካለን የለመናት ነገር

አንድ ይርጋለም የሚባል ሐኪም ነበር። የሚሠራው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲሆን፣ ክፉኛ ተቃጥለው ከሞት አፋፍ ስለሚመለሱ ሰዎች ያጠና ነበር። ድነው ወደ ቤታቸው ለሄዱት ስልክ ይደውላል፤ በሕይወት ካሉ ሕክምናው ተሳካ ብሎ ደስ ይለዋል።

ከሁሉም በላይ የሚኮራው በአስካለ ነበር። አስካለ ቦምቦሊኖ ጠብሳ የምትሸጥ፣ በጨዋታዋ መንገደኛውን ሁሉ የምታስቆም ሴት ነበረች። የፈላ ዘይት ተደፍቶባት ፊቷና ደረቷ ተቃጠለ፤ ብዙ ጊዜ በመሣሪያ ስትተነፍስ ቆይታ ዳነች። ሐኪሙ በየስብሰባው ስለ እሷ ያወራል።

አንድ ቀን በሰፈሯ ሲያልፍ ሊጠይቃት ጎራ አለ። ባለቤቷ በሩን ገርበብ አድርጎ፣ “ይቅርታ ዶክተር፣ ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ከሰው ጋር አትገናኝም” አለው። ለእሱ ግን ፈቀደች። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ጥግ ላይ ተቀምጣ ነበር።

“ደህና ነዎት?” አላት።

“አልሞትኩም” አለችው። “ለምን እንደዳንኩ ግን እስካሁን አልገባኝም። ሰው ፊቴን ሲያይ ይደነግጣል። ምን ልሠራ ብዬ ልውጣ?”

ሐኪሙ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። የራሱንም ጭንቀት አወራት።

“ረድኤት የምትባል ወጣት ተቃጥላ እኛ ጋ ተኝታለች። ቁስሏ እየዳነ ነው፤ ምግብ ግን እምቢ ብላለች። ‘ይህን ፊት ይዤ አልኖርም’ ትላለች። የምላት ነገር አለቀብኝ። እባክዎ ይርዱኝ።”

“እኔ? ሐኪሙ እርስዎ ነዎት እኮ!”

“እኔ ተቃጥዬ አላውቅም” አላት።

አስካለ፣ “እኔ ከቤት አልወጣም” ብላ ሸኘችው። በማግስቱ ግን ከባሏ ጋር ሆስፒታል መጣች። ረድኤት አልጋ አጠገብ ቆማ፣ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠች።

“እዪኝ፣ የኔ ልጅ። እኔም እዚሁ ተኝቼ ነበር፤ ያውም ካንቺ ብሶብኝ። ቆንጆ ነኝ አልልሽም፤ ምላሴን ግን የፈላ ዘይቱም አልቻለው!”

ረድኤት መጀመሪያ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ ሳቋ አመለጣት። ቁስሏን ስላመማት፣ “ኧረ አታስቂኝ!” እያለች ሳቀች። አስካለ ጊዜ አላጠፋችም፤ አጠገቧ የነበረውን ያልተነካ ሾርባ አንሥታ ማጉረስ ጀመረች። ሾርባው እስኪያልቅ ወሬዋ አላለቀም።

ወደ ቤት ሲመለሱ አስካለ ነጠላዋን መከናነብ ረሳች። ባሏ አይቷል፤ ግን አላስታወሳትም። ከዚያ ወዲህ የተቃጠሉ ሰዎችን እየሄደች ትጠይቃለች፤ ቦምቦሊኖውንም ጀምራለች። ሐኪሙ ደግሞ የዳኑትን ሲያገኝ፣ “ሰሞኑን ማን ፈለገዎት? ለምን ጉዳይ?” ብሎ መጠየቅ ለምዷል።

ሕክምና ሰውን ከሞት ሊያስጥል ይችላል። ወደ ኑሮው የሚመለሰው ግን ለአንድ ሰው እንደሚያስፈልግ ሲያውቅ ነው። እናንተስ፣ ከከባድ ሕመም ተርፎ ቤቱ የቀረ ሰው ታውቃላችሁ? ሄዳችሁ “አይዞህ” በሉት፤ ስትጨርሱ ደግሞ የሚያግዛችሁ ነገር ካለ ሳታፍሩ ለምኑት።