የአዛለች መሹለኪያ

በጽድ አፋፍ መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በሁለት ጓሮዎች መካከል የበቀለ አንድ የጽጌረዳ ጥሻ አለ። ስሙ «የአዛለች መሹለኪያ» ይባላል። ስሙን ሰምቶ መንገድ ያሳጥርልኛል ብሎ የገባበት እንግዳ ነጠላውን አስቀድዶ ይመለሳል፤ የመንደሩም ሰው አስቀድሞ ከመንገር ይልቅ ሲቀደድ ማየት ይወዳል። ነገሩ ግን ሲጀመር የሚያስቅ እንዳልነበረ ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

እንደሚነገረው፣ በዚያ ዘመን ቦታው በአጥሩ መካከል የተተወች ክፍተት ነበረች። በአንደኛው ወገን አዛለች የምትባል የብራና ፋቂ ሚስት፣ በሌላኛው ወገን ባልንጀራዋ ማንጠግቦሽ ይኖሩ ነበር፤ እሳት ሲጠፋ እሳት፣ እርሾ ሲያልቅ እርሾ በዚያች ክፍተት ይሻገር ነበርና ሁለቱ ሴቶች በዋናው በር ተጠያይቀው አያውቁም። ማንጠግቦሽ ልጅ አልወለደችም። አዛለች አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ያችም ልጅ በክረምት ታማ ለሞት በተቃረበች ጊዜ እናቲቱ «ከዳነችልኝ ለኅዳር ቁስቋም ትኩስ ጽጌረዳ ይዤ እገባለሁ» ብላ ተሳለች።

ልጅቷ ዳነች። ስለቱ ግን ቀላል አልነበረም፤ በጽድ አፋፍ አደይ አበባው በመስከረም፣ ጽጌረዳው በጥቅምት ፈክቶ፣ ኅዳር ሲገባ ውርጩ ሁሉንም አጥቁሮ ይጨርሰዋል። ስለዚህም በቁስቋም ዕለት ትኩስ አበባ ይዛ የገባች ሴት የለመነችው አይቀርባትም ይባል ነበር። አዛለች መላ አላጣችም። ባሏ ሲፍቀው እየተበሳ ለጽሕፈት አልሆን ያለውን ብራና ሁሉ በቀርከሃ ላይ ወጥራ ለጽጌረዳዋ ትንሽ ቤት ሠራችላት። ብራናው ብርሃን ያስገባል፣ ውርጭ ይከለክላል፤ በሩ ቀን ይከፈታል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋል። መንደሩ «የአዛለች አበባ ጎጆ ወጣች» እያለ ሳቀባት። የሌላው ጓሮ ሁሉ ሲጠቁር ግን በብራናው ቤት ውስጥ አንዲት እምቡጥ ተረፈች።

በዓሉ ሳምንት ሲቀረው አዛለችን ትኩሳት ጣላት። ባሏ ብራና ይዞ ሩቅ አገር ሄዶ ነበርና የአበባዋን ቤት በር እንድትከፍትና እንድትዘጋላት ለማንጠግቦሽ አደራ ሰጠቻት። ማንጠግቦሽም በየቀኑ በመሹለኪያዋ እየመጣች የእምቡጧን ወሬ ትነግራት ነበር። በዋዜማው ግን አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ «እቴ፣ ምን ልበልሽ፤ ውርጭ ወሰዳት» አለቻት፤ አብራትም አለቀሰች። ኋላ አዛለችን ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ይህ ልቅሶ ነው ይባላል።

በማግሥቱ አዛለች ምርኩዝ ተደግፋ፣ ባዶ እጇን፣ ስለቷ ስለጎደለባት ምሕረት ልትለምን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከሴቶቹ ፊት ማንጠግቦሽ ቀይ ጽጌረዳ ይዛ ቆማለች፤ ሕዝቡም ይመርቃታል። አበባዋ የታሰረችው በብራና ቅዳጅ ነው፤ በቅዳጁ ላይ የአዛለች ባል ጠማማ ስፌት፣ የብራና ቀዳዳ የሚጥፍባት፣ ቁልጭ ብላ ትታያለች። አዛለች ቀርባ ስፌቷን በጣቷ ነካቻት።

«የአንቺስ ልጅ ድናልሻለች» አለች ማንጠግቦሽ ዓይኗን ሰብራ። «እኔስ?»

«ብትነግሪኝ በሁለታችን ስም እናስገባት ነበር» አለች አዛለች። «ውርጩን ጠላቴ ነው ብዬ በብራና ከለከልሁት። አንቺን ግን በመሹለኪያዬ አስገባሁሽ።»

ሽማግሌ ተላከ፤ ማንጠግቦሽ ድንጋይ ተሸክማ እግሯ ሥር ወደቀች። አዛለችም «ይቅር ብያለሁ» አለች፤ ከልቧ ነበር ይባላል። ይሁን እንጂ በነጋታው ከጽጌረዳዋ ቅርንጫፍ እየቆረጠች የአጥሩን ክፍተት ዳር እስከ ዳር ተከለችበት። ምነው ይቅር ብለሽ አልነበር ወይ ቢሏት፣ «ብያለሁ፤ በዚህ ስትመጣ ማየቱን ግን አልቻልሁም» አለች።

ማንጠግቦሽ ኋላ ወለደች የሚሉ አሉ፣ ሳትወልድ ቀረች የሚሉም አሉ፤ በሁለቱ ቤቶች ዛሬ የሚኖሩትን ሰዎች ቢጠይቋቸው ወሬ ይቀይራሉ።

አሁን ብራናው ቀርቶ በየጓሮው የላስቲክ አበባ ቤት ተሠርቷል፤ ችግኙ ሁሉ ከዚያ ጥሻ የተቆረጠ ነው ይባላል፤ የላስቲክ ቤቱንም በር ለጎረቤት አደራ የሚሰጥ የለም። ጥቅምት ሲገባ ጥሻው በሁለቱም ወገን ይፈካል፤ ሁለቱም ቤቶች ከየወገናቸው ብቻ ይቆርጣሉ። ስሙን ልለውጥ ያለ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ድመት እንኳ የማታልፍበትን ያን እሾህ መሹለኪያ እያሉ ይጠሩታል።