በደብሪቱ ግቢ የተዘጋው ቱቦ

ደሴ፣ እኛ ሰፈር፣ ሽማግሌዎች ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ሲቀመጡ ሳያነሷት የማያልፉ አንዲት አባባል አለች። ሐኪም ሳያይ መድኃኒት ለሚገዛ ሰውም ትነገራለች። በፍሳሽ ቱቦ ምክንያት የተባለች መሆኗን ግን ብዙው ሰው ረስቶታል። ውጭ አገር ተምሬ ስመለስ ከየት መጣች ብዬ ጠየቅኩ። አንዱ ከጥንት አባቶች ናት አለኝ፤ ሌላው ከመጽሐፍ ናት አለ። ሁለቱንም አላመንኩም። በመጨረሻ ጎረቤታችን ሰአዳ ነገረችኝ። እሷን ያመንኩት ነገሩ የሆነው በገዛ ቤቷ፣ በገዛ እናቷ ላይ ስለሆነ ነው።

የሰአዳ እናት እማማ መሬማ ከወይዘሮ ደብሪቱ ግቢ በታች፣ ከዳገቱ ሥር ይኖሩ ነበር። የላይኛው ግቢ ፍሳሽ በእሳቸው ቤት ሥር አልፎ ነው ወደ ቦዩ የሚወርደው። በቤታቸው ጥግ ያለችው የመታጠቢያ ቀዳዳም ከዚያው ቱቦ ጋር ትገናኛለች። እማማ መሬማ ዓይናቸው ደክሟል። ከመታጠቢያው እስከ መስገጃው ያለውን መንገድ የሚያውቁት በእግራቸው ነበር።

የደብሪቱ ባል አቶ ይርዳው ሞተው፣ የአርባቸው ተዝካር ዋዜማ ነው። ደብሪቱ በማለዳ ብትነሣ ካቦካችው ሊጥ አንዱ ሙሉ ቡሃቃ ነጭ ጋዝ ተደፍቶበት አገኘችው። ከኮምቦልቻ የምትመጣውን የባሏን ታላቅ እህት ወይዘሮ ዘርትሁንን ፈራች። «የወንድሜን ተዝካር በጋዝ ልታበላ!» የሚለው ቃል ገና ሳይነገር ጆሮዋ ውስጥ ጮኸ። ስለዚህ ማንም ሳያያት ሊጡን ከነጋዙ የዕቃ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ገልብጣ ውሃ ለቀቀችበት።

ረፋድ ላይ ገንዳው ሞልቶ ቆመ። ዘርትሁን የመንገድ አቧራዋን ሳታራግፍ ደረሰችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

«ፍል ውሃ አምጡ!»

«እትዬ፣ እስኪ መጀመሪያ...» አለች ደብሪቱ።

«ምን መጀመሪያ አለው? ስብ ነው። እኔ ቤት ሲዘጋ አንድ ድስት ፍል ውሃ እለቅበታለሁ፤ ቀልጦ ይሄዳል።»

ሽንኩርት የምትልጥ አንዲት ጎረቤት ቀና አለች። «በሬው ገና በረት ቆሞ ስቡ ከየት መጣ?»

ሴቶቹ በለቅሶ ቤት ሳቅ እንዳይሆንባቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

«አንቺ ሽንኩርትሽን ላጪ!» አለች ዘርትሁን፤ የፈላውንም ድስት አንሥታ ገለበጠችው።

ደብሪቱ ዕድሜዋን ሙሉ አብሲት ስትጥል የኖረች ሴት ናት። ሊጥ ፍል ውሃ ሲነካው ምን እንደሚሆን ታውቃለች። እንደ ዕንባ ይንጠባጠብ የነበረው ፍሳሽ ጭራሽ ቀጥ አለ፤ ቱቦው ውስጥ ገንፎ ተገነፋ።

«ፍል ውሃ ያቃተውን ኮስቲክ ይችለዋል» አለች ዘርትሁን። ሳሙና የሚሠሩበትን ያንን ሥጋ የሚበላ ነጭ ዱቄት ከሱቅ አስመጣች።

«እትዬ፣ ከታች እማማ መሬማ አሉ እኮ።»

«ታዲያ ቢከፈት ለሳቸውስ አይጠቅምም? እሳቸው ምን ይሆናሉ?»

«ሊጥ ነው» የምትለው ቃል ደብሪቱ ጉሮሮ ድረስ መጣች፣ ተመልሳም ወረደች።

ዱቄቱ ተበተነ። ሴቶቹ ወደ ሥራቸው ሄደው ሲመለሱ ገንዳው ጉልቅ፣ ጉልቅ ብሎ በአንድ ጊዜ ጎደለ።

«አላልኳችሁም?» አለች ዘርትሁን ወገቧን ይዛ።

ግን ኮስቲኩ ገንፎውን አላሟሟውም፤ ዙሪያውን አሙለጭልጮ ወደ ታች ገፋው እንጂ። ገንፎው ከእማማ መሬማ ቤት አልፎ እንደገና ተወተፈ። ከኋላው የተከተለው ውሃ መሄጃ ሲያጣ በመታጠቢያዋ ቀዳዳ ወደ ላይ ወጣ። እማማ መሬማ በዚያች ሰዓት ለዙህር ሶላት ውዱእ እያደረጉ፣ ከማንቆርቆሪያው እግራቸው ላይ እያፈሰሱ ነበር።

«ሰአዳ፣ ዛሬስ ውሃው ሞቅ ብሏል» አሉ።

ቀጥሎ የጮኹት ጩኸት ላይኛው ግቢ ድረስ ተሰማ።

ሴቶቹ ሲደርሱ ሰአዳ የእናቷን እግር በንጹሕ ውሃ ደጋግማ እያጠበች ታለቅሳለች።

«ቅቤ አምጡ! እርድ አምጡ!» አለች ዘርትሁን።

«አትንኳት!» አለች ሰአዳ።

ያን ጊዜ ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማ ተናገረች። «የዘጋው ሊጥ ነው። የደፋሁት እኔ ነኝ።»

«እያወቅሽ? ምነው ሳትነግሪኝ?» አለች ዘርትሁን።

«መቼ ጠየቁኝ፣ እትዬ? ቢጠይቁኝም ፈርቼዎት ነበር።»

የእድሩ ወንዶች ቱቦውን ከታች በኩል በሽቦ ጎትተው፣ በቀዝቃዛ ውሃ አጥበው ከፈቱት። ሊጥ መሆኑን ላወቀ ሰው ከባድ ሥራ አልነበረም። የእማማ መሬማ እግር ግን ቁስሉ ቢድንም መንገዱን ረሳ፤ ከዚያ ወዲህ እስኪሞቱ ድረስ ወደ መስገጃቸው የሄዱት በሰአዳ ትከሻ ነው። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሰአዳን ጠይቄያት ነበር፤ የቸኮለችው ናት ወይስ ዝም ያለችው? እሷም እስካሁን እንዳልቆረጠላት ነገረችኝ። የነገረችኝ በማግስቱ የሆነውን ብቻ ነው።

በማግስቱ ተዝካሩ ወጥቶ ሰው ሲበተን ዘርትሁን መጥታ ከአልጋው ሥር ተንበረከከች። ደብሪቱ ከበሩ አላለፈችም። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ አልተነጋገሩም።

«እማማ፣ በምን ልካስዎ? በግ ላምጣ? ሐኪም ቤት ወስጄ ላሳክምዎ? ደብሪቱንስ በምን ልታረቃት? ሽማግሌ ልላክ? ልብስ ልግዛላት?»

እማማ መሬማ እጃቸውን ዘርግተው ዳሰሱና የዘርትሁንን ራስ አገኙት።

«ዛሬም ድስቱን አንሥተሻል፣ ልጄ። ለምን እንደምትፈራሽ መጀመሪያ ጠይቂያት» አሉ፤ ከዚያም እጃቸውን ከራሷ ሳያነሡ ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ደብሪቱ ወደምታለቅስበት መልሰው፣ «ምን እንደዘጋው ሳታዪ፣ በምን ልክፈተው አትበዪ።»