ቤዝ ጊታርና የተሰረቀው እንዝራ

ልጆቼ፣ ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የጎበጠ ጀርባ የጎበጠ ጆሮ ያመጣልና። ዕቃ እንደ ሰው ይናገር፣ ሰውም እንደ ዕቃ ጸጥ ብሎ ያዳምጥ በነበረበት ዘመን የሆነውን እነግራችኋለሁ።

አቶ መንበሩ የተባሉ ሙዚቀኛ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ሁለት መሣሪያዎች ሰቅለው ይኖሩ ነበር። አንደኛው ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ በገና ነው። ሁለተኛው በሠርግ ቤት የሚጫወቱበት ቤዝ ጊታር ነው። የዚህ ቤዝ አንገት እንደ ሌሎቹ ጊታሮች በብረት አልተከፋፈለም፤ እንደ ተወለወለ እብነ በረድ ለስላሳ ስለ ነበረ ጣት እንደ ልቡ ይንሸራተትበት ነበር። ቤዙም በአንገቱ እጅግ ይኮራ ነበር።

ዐቢይ ጾም ገባ። አቶ መንበሩ በገናውን አውርደው ደረደሩ። በገናው ጥዝ አለ፤ የመጣው ጎረቤት ሁሉ አቀርቅሮ አዳመጠ፤ አለቀሰም። ቤዙ ይህን አይቶ ቀና።

«እመት አይጥ፣ የዚህ ሽማግሌ ምሥጢሩ ምንድን ነው?» ሲል የግድግዳዋን አይጥ ጠየቃት።

«እንዝራው ነዋ» አለች አይጥ። «በየአውታሩ ሥር የምትወተፍ ቁራጭ ቆዳ ናት። አውታሩ ሲመታ እሷን እየነካካ ይጥዛል። አንድ ቀን ቀምሻታለሁ፤ ጨው ጨው ትላለች።»

«አንዲቱን አምጪልኝ።»

«ላንተ ምን ታደርግልሃለች?»

«አምጪ ተባልሽ እንጂ መርምሪ አልተባልሽም።»

አይጥም አመጣች። በወፍራሙ ክር ሥር፣ ክሩ በሚያርፍበት ብረት ስርጉድ ውስጥ፣ በጥርሷ እየገፋች ወተፈችለት።

ፋሲካ አለፈ፤ የሠርግ ወራት ገባ። አቶ መንበሩ ለእኅታቸው ልጅ ሠርግ ሊለማመዱ ቤዙን አውርደው መቱት። ወፍራሙ ክር ጥዝ አለ። ቤዙም የሰሚውን እንባ ጠበቀ።

«ምነው አንቱ፣ ይኸ ነገር ዝንብ ዋጠ እንዴ?» አሉ ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

ቤዙ አፈረ። ሌብነቴ ይታወቅብኛል ብሎም ፈራ። የሕመሙ ቦታ እንዳይለይ አካሉን ሁሉ እያርገፈገፈ ክሮቹን በአንድነት ያንጫጫ ጀመር።

አቶ መንበሩ አስቀድመው ክሩን ጠረጠሩ። «አርጅቷል» ብለው ፈቱትና በሌላ ተኩት። አሮጌው ክር ሣጥን ውስጥ ሲጣል «አያ ቤዝ፣ ያን ሁሉ ሠርግ አብረን አሳልፈን፣ ጥፋቴ ምንድን ነው?» አለ። ቤዙ ዝም አለ። አዲሱም ክር ጥዝ አለ።

በማግሥቱ ክሩ የሚያርፍበትን ብረት ጠረጠሩ። ክሩ ከአንገቱ ይራቅ ብለው ብሎኑን አዙረው ከፍ አደረጉት። ብረቱ «ወገቤ ተቆረጠ፤ የምታውቀው ካለ ተናገርልኝ» አለ። ቤዙ ዝም አለ። ክሩም ጥዝ አለ።

በሦስተኛው ቀን አንገቱን ጠረጠሩ። አናጢው አቶ ቢሻው ተጠሩ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አንገቱን እስከ ጫፉ አዩት።

«ይኸ ጎብጧል» አሉ። «ነገ መላጊያዬን ይዤ መጥቼ እልገዋለሁ። ከዚያም እንደ ሌሎቹ ብረት እቸነክርበታለሁ።»

«ተልጎ ባይሻለውስ?»

«ያን ጊዜ ደኅና የበር መወርወሪያ ይወጣዋል።»

አናጢው እንደ ወጡ ቤዙ ወደ በገናው ዞረ። «አባባ፣ አንገቴን ሊልጉት ነው፤ ያድኑኝ።»

«የምጠይቅህን በእውነት መልስ» አለ በገናው። «ከልባቸው የሚጥዙት ክሮችህ ሁሉ ናቸው?»

«ወፍራሙ ብቻ ነው። ሌሎቹን የማንጫጫቸው እኔ ነኝ።»

«ጣት አንገትህ ላይ ሲጫነውና ሳይጫነው ልዩነት አለው?»

«የለውም። በየትም ቢጫኑት ያው ነው።»

«እንግዲያስ አንገትህ ጤነኛ ነው። ክሩም ተለውጧል። የቀረው ክሩ የሚያርፍበት ስፍራ ነው። እዚያ ምን አለ?»

«የእርስዎ እንዝራ ነው» አለ ቤዙ።

«ለካ አንዱ አውታሬ ዲዳ የሆነው በአንተ ነው» አለ በገናው።

«አይጧን ልጥራትና ታውጣው?»

«አይጥ መውሰድ እንጂ መመለስ አልተማረችም። ነገ ጌታህ ሲመቱህ አትርገፍገፍ። ጤነኛው አካልህ ዝም ይበል፤ የታመመው ብቻ ይናገር።»

«ሌባ መሆኔ ይታወቃላ?»

«ይታወቃል። አንገትህ ግን ይተርፋል።»

በማግሥቱ አቶ ቢሻው እጅጌያቸውን ሰብስበው መላጊያውን በቤዙ አንገት ላይ አሳረፉ። ስለቱ ቀዘቀዘው።

«ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልሰናበተው» አሉ አቶ መንበሩ፤ መቱትም።

ቤዙ አካሉን ገታ። ሦስቱ ክሮች ጥርት አሉ፤ ወፍራሙ ብቻ ጥዝ አለ። አቶ መንበሩ ጆሯቸውን አስጠጉ። ጣታቸውን ከአንገቱ ጫፍ ወደ ታች እየወሰዱ ጫኑ፤ ይጥዛል። አሁንም ዝቅ አሉ፤ ይጥዛል። ከብረቱ ዘንድ ደርሰው ክሩን በስርጉዱ ላይ ሲጫኑት ጸጥ አለ።

«አቶ ቢሻው፣ መላጊያውን ያንሱልኝ» አሉ። በመርፌም ቁራጩን ቆዳ ስበው አወጡ።

«ዝንቡ ተያዘ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ።

«ዝንብ አይደለም፤ የአባቴ በገና እንዝራ ነው። ይህ ሌባ አጠገቡ ተሰቅሎ ዘርፎታል» አሉ አቶ መንበሩ።

እንዝራውን ለበገናው መለሱ፤ ዲዳው አውታር ተናገረ። ብረቱን ዝቅ አደረጉ፤ ወገቡ ዐረፈ። አሮጌውንም ክር ከሣጥን አውጥተው ወደ ቦታው መለሱት።

«ይቅር በለኝ» አለው ቤዙ።

«ዝምታህን አልረሳሁትም» አለ ክሩ። «ነገር ግን ሠርጉ ነገ ነው፤ አሁን ድምፅህን አስተካክል።»

በሠርጉም ዕለት የቤዙ ድምፅ እንደ ጉድጓድ ውኃ ጥልቅና ጥሩ ሆነ። ማንም አላለቀሰም፤ እግር ያለው ሁሉ ግን ተነሥቶ ጨፈረ። ቤዙም ያን ጊዜ ሥራውን አወቀ።

እኔ ቃሌን ጨርሻለሁ፤ እናንተም ይህን ይዛችሁ ተነሡ፦ ለአንዱ ጌጥ የሆነው ለሌላው ደዌ ነው፤ ደዌውን የሸሸገም መድኃኒቱን አብሮ ሸሸገ።