ድንኩ ስንዴ

አንድ ሰው ነበረ። አገኘዋለሁ ብሎ ቃል የገባው ሌላ፣ ያገኘው ሌላ ሆኖበት የተጨነቀ ሰው።

በዚህ ሰው አገር ጎተራው የማይጎድል አንድ ባለጸጋ ነበረ። ባለጸጋው ከሩቅ አገር አዲስ የስንዴ ዘር አስመጣ። ስንዴው ድንክ ነው፤ ከጉልበት አያልፍም። ዛላው ግን ከአሮጌው ስንዴ እጥፍ ፍሬ ይይዛል። ባለጸጋው ዘሩን ለአገሩ ገበሬ በነጻ አደለ። ገበሬዎቹ መርቀው ተቀበሉ፤ አልዘሩትም። በሁለተኛው ዓመት ደግሞ ሰጣቸው። ቆልተው በሉት።

ባለጸጋው ነገሩ ከነከነው። «ዞሮ የሚጠይቅልኝ ሰው እፈልጋለሁ» ብሎ አስነገረ። «ዓመት ሙሉ ቀለቡን እሰፍርለታለሁ፤ በቅሎም እሰጠዋለሁ። እረስ፣ እጨድ አልለውም። ሥራው መጠየቅ ብቻ ነው።»

ብዙ ወጣቶች መጡ። ባለጸጋው ከሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱን «ምን አገኛለሁ ብለህ ታስባለህ?» እያለ ጠየቀ። አንዱ «እኔ ምን አውቄ፤ ሄጄ ልየው እንጂ» ቢል ተሰናበተ። የኛ ሰው ግን ተራው ሲደርስ ቀና ብሎ «የማይዘሩት አዲስ ነገር ስለሚፈሩ ነው። ይህንኑ በየቤቱ አጣርቼ አመጣለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ «ይህስ ያውቃል» ተባባሉ።

«ፍርሃት ከሆነማ መድኃኒቱ ቀላል ነው» አለ ባለጸጋው። «ዘር ሲያልቅባቸው የሚመጡት ወደ እኔ አይደል? አሮጌውን እዘጋባቸዋለሁ። ከዚያ ወደዱም ጠሉም ድንኩን ይዘራሉ።»

ወጣቱ በቅሎዋ ላይ ወጣና ሄደ። በልጉንም ክረምቱንም ዞረ። በየደጁ እንደደረሰ በቅሎዋ ላይ ሆኖ ይጠይቃል። ገበሬው የባለጸጋውን በቅሎ ያውቃታል። ስለዚህ ብድግ ይልና «ዘሩስ ግሩም ነው፤ እድሜ ይስጣቸው። ለከርሞ እንዘራዋለን» ይላል። «ታዲያ ዘንድሮ ምን ያዛችሁ? ፈርታችሁ ነው?» ሲለው፣ ገበሬው ይሉኝታ ይይዘውና «እንግዲህ ጌታው፣ ፍርሃትም አይጠፋ» ይላል። ወጣቱ ደስ ብሎት ያልፋል። ያሰበውን በየደጁ እያገኘ ስምንት ወር ሞላው።

በመከር ጊዜ በቅሎዋ አነከሰች። እሷን አሳርፎ በእግሩ ሲሄድ አንድ ማሳ ላይ ደቦ ደረሰ። ሃያ ሰው ተሰልፎ ስንዴ ያጭዳል። ያለ በቅሎ ማን እንደሆነ የሚያውቀው የለም። አንዲት ጠንካራ ሴት ቀና ብላ አየችውና «ምነው፣ ሐውልት ነህ? ቆመህ ከምታየን ጎንበስ በል» ብላ ማጭድ አቀበለችው። በደቦ መሃል ቆሞ ማየት ነውር ነው። ከሰልፉ ገባ።

ፍሬውን ብሎ አገዳውን ከወገቡ ላይ እየቆረጠ ይሄዳል። ከጎኑ የነበሩት ሽማግሌ የቆመውን አገዳ አይተው አጨዳቸውን አቆሙ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስንዴውን ልታጭደው ነው ወይስ ጠጉሩን ልትቆርጠው?»

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ።

«ፍሬው ያለው ከላይ ነው ብዬ ነው እኮ፣ አያ።»

«ፍሬውማ ላንተ ነው። ለበሬህስ? ስድስት ወር በጋ ምን ልታበላው ነው፣ ምርቃት? ከሥሩ እጨደው።»

ወጣቱ ማጭዱን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመ። «እንዲያ ከሆነ ያ ባለጸጋው ያመጡት ስንዴ...»

«ተወኝ ከዚያ ድንክ» አሉ ሽማግሌው። «ፍሬውስ የተባረከ ነው፤ ማን ይጠላዋል? ጭዱን ግን በእሳቸው ማሳ አይተነዋል፤ ለአንዲት ጥጃ አይበቃም። ዘንድሮ እሱን ዘርቼ ብጠግብ ለከርሞ በምን በሬ አርሳለሁ?»

«ይህን ለባለጸጋው ለምን አልነገሯቸውም?»

«በነጻ የሰጠህን ሰው፣ ስጦታህ አጠረ ትለዋለህ? ይልቅ ጎንበስ በል፣ ሰልፉ ጥሎህ ሄደ።»

እስኪመሽ ከሥሩ አጨደ። በማግስቱ ወደ ሌላ መንደር በእግሩ ሄደና ደቦ ገባ፤ ያንኑ ሰማ። ሦስተኛም አራተኛም መንደር እንደዚያው። ፈሪ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚያሰላው ለበሬው ነበር።

ነገሩን ማወቁ ደስ ሊያሰኘው ሲገባ እህል አልወርድለት አለ። በሽማግሌዎች ፊት ፍርሃት ነው ብሏል፤ የተመረጠው ይህን በማለቱ ነው። አሁን ተመልሶ ምን ይላል? ያበላውን ሰው ዘርህ ለበሬ አይሆንም ሊለው ነው። ዝም ቢል ደግሞ አሮጌው ዘር ይዘጋል፤ የእነዚያ ሁሉ ሰዎች በሬ በበጋ ያልቃል። ጭንቀቱን ለባለጸጋው ቀለብ ሰፋሪ አዋየው።

«ያልከውን በላቸው» አለው ሰፋሪው። «ማን ሄዶ ያጣራብሃል? ለከርሞም ቀለብህን ትበላለህ።»

ቀኑ ደረሰ። ባለጸጋውና ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። ወጣቱ ሁለት ነዶ ተሸክሞ ገባ፤ አንዱ የአሮጌው ስንዴ፣ አንዱ ከባለጸጋው ማሳ ያጨደው የድንኩ። ጎን ለጎን መሬት ላይ አስተኛቸው። አሮጌው የሰው ቁመት ሊያክል ምንም አልቀረው። ድንኩ አጠገቡ እንደ ሕፃን ተኛ።

«ገበሬዎቹ አልፈሩም፣ ጌታዬ» አለ። «በሬዎቻቸው ይህን ጭድ በልተው በጋን አይወጡም።»

ባለጸጋው ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ነዶ በክንዱ ለካ። «ቃልህ ይህ ነበር?»

«አልነበረም። ቃሌ ስህተት ነበር።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ሊጠርግ ሲል ባለጸጋው በእጁ ከለከለው። «መልሱን ይዞ የሄደ ሰው ያንኑ መልስ ይዞ ቢመጣ፣ በቅሎዬን ያስነከስኳት በከንቱ ነበር» አለ። «አሮጌውን ዘር ዘግቼ ቢሆን የአገሩን በሬ ፈጅቼ ነበር። ከመዓት አዳንከኝ። ለከርሞ ደግሞ ሂድና ፍሬውም ጭዱም ደህና የሆነ ዘር ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቅልኝ። አሁን ተቀመጥና ብላ፤ ከስተሃል።»

ወጣቱ ተቀመጠ። ከዚያ ደቦ ወዲህ እህል የጣመው ያን ቀን ነው።

አገርነሽ ልጄ፣ የጠየቅሽኝን ጥያቄ የምመልስልሽ በዚህ ነው። ባለጸጋው ያ ፌሎሺፕ ያልሽው ነው፤ ማስተማሩን ትተሽ ዓመት ሙሉ እንድትጠይቂ ብቻ የሚቀልብሽ። የወጣቱ ቃል ማመልከቻሽ ነው። ሴቶች ከቁጠባው ማኅበር የሚቀሩት ባሎቻቸው ስለሚከለክሏቸው ነው ብለሽ ጻፍሽ፤ ተመረጥሽ። በመኪና እየሄድሽ ስትጠይቂ ሴቶቹ አዎ አሉሽ። ከእነሱ ጋር ጎመን ተሸክመሽ ገበያ ስትወርጂ ግን ስብሰባው የሚጠራው በገበያ ቀን መሆኑን አየሽ። እነሱ ለማኅበሩ ሰዎች ይህን ለመናገር አፍረዋል። አሁን የመረጡሽ ሰዎች ሐሙስ ሪፖርት አቅርቢ ብለውሽ፣ የጻፍኩት ሌላ ያገኘሁት ሌላ ሆነ፣ ምን ልበል ብለሽ እህል ትተሻል አሉ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የናንተን ሥራ አላውቅም። የተላከ ሰው ምን እንደሚጠበቅበት ግን አውቃለሁ። ያየሽውን ፊታቸው አስቀምጪው። አንቺ ቃል የገባሽው ለመጠየቅ ነው፤ ጠይቀሻል። እነሱ እንደ ባለጸጋው አስተዋዮች ከሆኑ ደስ ይላቸዋል። ካልሆኑም የአባትሽ ቤት እህል አለው። ብይና ተኚ።